ጌታ የሌላቸው ሰዎች

ጋሪው ከካካዎ ማስጫው አልፎ ወደ ባቡር ጣቢያው ሲታጠፍ መምህር ሳይላስ አዴጎኬ ከኋላ ሆኖ በትከሻው ይገፋ ነበር። ጥቁር የሰባኪ ቀሚሱን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ በገመድ ታጥቆታል። ጋሪው ላይ ሦስት ሰዎች ተጋድመዋል፤ ሌሎች ስድስት ደግሞ ጠርዙን ይዘው፣ እየሳሉና እያረፉ ይከተላሉ። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ መንገዱን አጨቅይቶታል። በግራና በቀኝ የካካዎ ዛፎች ቢጫ ፍሬያቸውን እንደተሸከሙ የሚለቅማቸው አጥተው ቆመዋል።

“ቀስ በሉ እንጂ መምህር፤ የያም ጆንያ መሰልንዎት?” አለ ፋሉዪ ከጋሪው ላይ፤ ያም የአገሩ ትልቅ የሥር ምግብ ነው።

“የያም ጆንያ አፍ የለውም።”

“የአገሬ የኤኪቲ ያም ከሆነ አለው” አለና ፋሉዪ ሊስቅ ሲል ሳሉ ቀደመው።

ይህ ፋሉዪ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። በካካዎ እርሻው ከነበሩት ሠላሳ አንድ የኤኪቲ ሠራተኞች ረጅሙ እሱ ነበር፤ ሌላው መሰላል ሲፈልግ እሱ እንደ ጦጣ የኮላውን ዛፍ ወጥቶ ፍሬውን የሚያወርድ። አሁን ግን እግሮቹ ከጋሪው ጫፍ አልፈው ተንጠልጥለው፣ መንኮራኩሩ ድንጋይ በመታ ቁጥር ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛሉ። ሳይላስ እነዚያን እግሮች እያየ ነበር የሚገፋው።

በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር የ1918 ጥቅምት ነው። በሽታው በመርከብ ሌጎስ ገባ፤ ከሌጎስ ደግሞ በባቡር ተሳፍሮ ወደ ሰሜን ወጣ። ሲጀምር ጉንፋን ይመስላል፤ በአራተኛው ቀን ሰውየው በገዛ ደረቱ ውስጥ ይሰጥማል። ሌጎስ ውስጥ የሬሳ ሣጥን ሠሪዎች ራሳቸው ሣጥን አጥተው ተቀበሩ ይባላል።

የእርሻው ባለቤት ዜካርያ ላዲፖ ይባላል፤ በስሙ የሚጠራው ግን የለም። አገሩ ሁሉ የሚያውቀው “ባባ ኢጆ” ብሎ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን አባት ማለት ነው። ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት፣ ሌጎስ ውስጥ በሚስዮኖች ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ነጭ ሚስዮናዊ ሽማግሌውን ጥቁር ቄስ በምእመናን ፊት እንደ ተላላኪ ሲያመናጭቃቸው፣ ይህ ሰው ባርኔጣውን አንስቶ ከወንበሩ ተነሣ። “በእግዚአብሔር ቤት ጌታና አሽከር የለም” አለና ወጣ። ስድሳ ቤተሰብ ተከተለው። ሳይላስ ያኔ የሚስዮኑ ትምህርት ቤት ወጣት አስተማሪ ነበር፤ ከኋላው ረድፍ ተቀምጦ ያንን ቃል ሰማ። በማግስቱ የአስተማሪነት ሥራውን ትቶ ባባ ኢጆን ተከተለ። አባቱ “ለአንድ ዓረፍተ ነገር ብለህ ደሞዝህን ጣልክ” ብለው ሦስት ዓመት አላናገሩትም። ሳይላስ ግን በዚያ ዓረፍተ ነገር ተጸጽቶ አያውቅም።

ደግሞም ባባ ኢጆ የተናገረውን ሲኖር አይቶታል። በእርሻው ላይ ማለዳ ደወል ሲደወል ጌታውና ሠራተኛው በአንድ ምንጣፍ ላይ ይንበረከካሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ባባ ኢጆ ከሠራተኞቹ ጋር ከአንድ ገበታ ይበላል። አንድ ጊዜ የእርሻው አለቃ አንዱን ልጅ በልምጭ ሲመታ ደርሶ፣ ልምጩን ተቀብሎ ሰበረው፤ ለዚያ ልጅም በሁሉ ፊት ይቅርታ የጠየቀው ራሱ ባባ ኢጆ ነው።

ለዚህ ነበር ከሁለት ዓመት በፊት ሠራተኛ እንዲያመጣ ወደ ኤኪቲ ኮረብቶች ሲላክ ሳይላስ በደስታ የሄደው። የዘጠኝ ቀን መንገድ ነው። እዚያ በምትገኘው ትንሽ የጭቃ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሞ የባባ ኢጆን መልእክት ለወላጆቹ ነገራቸው፦ ልጃችሁ ልጄ ነው፤ ከበላሁት ይበላል፤ ቢታመም ጣሪያዬ ጣሪያው ነው። እናቶቹ ስለ ሌጎስ በኩል እርሻዎች ብዙ ክፉ ወሬ ሰምተው ነበርና መጀመሪያ እሺ አላሉም። ሳይላስ ግን በየቤታቸው እየዞረ፣ ከየደጃፋቸው እየተቀመጠ አሳመናቸው። ሠላሳ አንድ ወጣቶች ይዞ ተመለሰ። ግማሾቹን በዓመቱ እሱ ራሱ አጠመቃቸው። ፋሉዪን ደግሞ ማንበብና መጻፍ አስተማረው።

እነሆ አሁን ዘጠኙ ወድቀዋል። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ባባ ኢጆ ሳይላስን ወደ ፎቅ ቤቱ በረንዳ አስጠራው። ቤቱ ሽር ጉድ ላይ ነው፤ እሑድ የመከር ምስጋና ስለሆነ ከሌጎስ ለሚመጡ እንግዶች የላይኛው ፎቅ ክፍሎች ይጠረጋሉ። ባባ ኢጆ ፊቱ ጠቁሮ፣ ዓይኑ ገብቶ ነበር። ሌሊቱን እንዳልተኛ ነገረው። ከዚያም፣ አቤኦኩታ ከተማ ውስጥ ያለችው እህት ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን ቤት አዘጋጅታለች፤ አልጋም አስታማሚም አለ፤ ከቄስ ሶዬምቦ ጋር ተጻጽፌ ጨርሻለሁ አለው። በሰም የታሸገ ደብዳቤ ሰጠው። “ለቄሱ በእጃቸው ስጥልኝ። ልጆቼን በአደራ ከአንተ ሌላ ለማንም አልሰጥም” አለ። ሳይላስ በአገሩ ወግ መሬት ላይ ተደፍቶ ሰላምታ ሰጥቶ ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ እያለቀሰ ነበር፤ የምስጋና እንባ ነው።

በማግስቱ ባቡሩ ላይ ሰው ሁሉ አፍንጫውን በጨርቅ ሸፍኖ ራቃቸው። ለሳይላስ ይህ ምንም አልመሰለውም። ለሕሙማኑ ስለሚጠብቃቸው አልጋ እየነገረ፣ ውሃ በጣሳ እያዞረ አቤኦኩታ ደረሱ። ከጣቢያው እስከ ቄሱ ግቢ ተሸካሚዎች ቀጥሮ ሦስቱን በሸክም፣ ስድስቱን በድጋፍ አደረሳቸው።

ቄስ ሶዬምቦ በረንዳው ላይ ወጡ፤ በካምፎር መድኃኒት የተነከረ መሐረብ አፋቸው ላይ ይዘዋል። ከኋላቸው፣ በክፍሉም በኮሪደሩም፣ ሰው በምንጣፍ ላይ ተደርድሮ ያቃስታል። ሳይላስ ደብዳቤውን ሰጠ። ቄሱ ሰሙን ሰብረው ቆመው አነበቡት፤ ከዚያ እንደገና አነበቡት። ከዚያም ሳይላስን በሐዘኔታ አዩት።

“ወንድሜ፣ እነዚህ ሰዎች የማን ናቸው?”

ሳይላስ የባባ ኢጆ ሠራተኞች መሆናቸውን፣ ስለ እነሱም ቀድሞ መጻጻፋቸውን ነገራቸው። ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከባባ ኢጆ ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ደብዳቤ አልደረሳቸውም። አልጋ የሚባል ነገርም የለም፤ የገዛ ልጃቸው መሬት ላይ ነው የተኛችው። ይህን ብለው ወረቀቱን ዘረጉለት።

ሳይላስ አነበበው። አጭር ነው፤ የሚያውቀው ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ግን ፊርማ የለውም። አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ሊከት ሲል ፋሉዪ ከግድግዳው ሥር፣ ከተጋደመበት፣ እጁን ዘረጋ።

“ምን ይላል መምህር?”

“ቦታ የለም ነው የሚለው።”

“ቦታ መኖር አለመኖሩንማ ቄሱ ናቸው የሚያውቁት። ደብዳቤው የመጣው ከእኛ ቤት ነው። ያሳዩኝ።”

ሳይላስ ሊከለክለው ነበር። ግን ማንበብ ያስተማረው ራሱ ነው፤ ምን ብሎ ይከልክለው? ሰጠው። ፋሉዪ ወረቀቱን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ጣቱን ከቃል ቃል እያሻገረ፣ ክፍል ውስጥ እንደለመደው ድምፁን አውጥቶ አነበበ። “እነዚህ… በእርሻዬ ድንበር ላይ… ወድቀው ያገኘኋቸው… ጌታ የሌላቸው… መንገደኞች ናቸው። ክርስቲያናዊ ርኅራኄ… የፈቀደውን… ያድርጉላቸው።”

ፋሉዪ ወደ መጀመሪያው መስመር ተመልሶ በዓይኑ ብቻ እንደገና አነበበው።

“ይሄ ስለ እኛ ነው?” አለ።

ባደሮ የሚባለው፣ ከሠራተኞቹ በዕድሜ ጠና ያለው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ቄስ ሶዬምቦ ደግ ሰው ነበሩ። የትምህርት ቤታቸውን ሰገነት ሰጧቸው፤ የሎሚ ሣር አፍልተው ላኩላቸው። ሦስት ቀን እዚያ ሰነበቱ። በነዚያ ሦስት ቀናት ሳይላስ ራሱን ሲጠይቅ የነበረው አንድ ነገር ነው። አንድ ሰው በዘመኑ አንድ ጊዜ ቢዋሽ፣ ውሸቱ ያንን አሥራ ሰባት ዓመት ሁሉ ወደ ኋላ ሄዶ ያበላሸዋል? ያ የተሰበረ ልምጭ፣ ያ አንድ ምንጣፍ፣ ያ የቅዳሜ ገበታ እውነት አልነበረም? ወይስ እውነት የነበረው ማንም ሳይታመም በቀረበት ጊዜ ብቻ ነው? ሰውዬው ደንግጦ ነው እያለ ለራሱ ይከራከርለታል። ፊት ለፊት ቢያገኘው፣ እነዚህን ልጆች በዓይኑ ቢያሳየው፣ ያ የቀድሞው ሰው ይመለሳል ብሎ አሰበ። ቅዳሜ ማታ አብዛኞቹ ሕሙማን ቀለል ሲላቸው፣ ፋሉዪ ግን ሲብስበት፣ ሊመልሳቸው ወሰነ። የዕቃ ባቡር ኃላፊ የሆነ፣ በዚያው ሳምንት ሚስቱን የቀበረ ሰው፣ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ በባዶ የካካዎ ፉርጎ ላይ አሳፈራቸው። እሑድ ጧት ከወጡበት ጣቢያ ወረዱ።

ቤተ ክርስቲያኑ ከጣቢያው ብዙም አይርቅም። ግቢው በሰው ሞልቷል። ከሌጎስ የመጡት እንግዶች ባርኔጣና ጓንት አድርገዋል፤ ሴቶቹ በየማኅበራቸው አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰዋል፤ ያም፣ ኮላ፣ የካካዎ ፍሬ፣ በቀቀንና ፍየል ሳይቀር ለመሥዋዕት መጥቷል። ሳይላስ ሰውን ላለመበከል ሕሙማኑን ከአጥሩ ውጭ፣ ከትልቁ የማንጎ ዛፍ ሥር አስቀመጣቸው። ሊሄድ ሲነሣ ፋሉዪ እጅጌውን ያዘው። እጁ ይፋጃል።

“ቶሎ ይመለሱ።”

“ባባ ኢጆን አናግሬ ነው የምመለሰው። አንድ መዝሙር እንኳ አይሞላም” አለው።

ባባ ኢጆን ያገኘው በልብሰ ተክህኖ ማስቀመጫው ክፍል ነው። ነጭ አግባዳ፣ ያ ሰፊው የክብር ቀሚስ፣ ትከሻው ላይ ታጥፎ ተደርቧል። ብቻውን ነበር። ሳይላስን ሲያይ አልደነገጠም፤ የሚያውቀው ነገር የደረሰ ይመስል ዝም ብሎ ተቀመጠ። ሳይላስ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

“አነበብከው ማለት ነው” አለ ባባ ኢጆ።

“ፋሉዪም አንብቦታል።”

ባባ ኢጆ ዓይኑን ጨፈነ። ቆይቶ ዝግ ባለ ድምፅ መናገር ጀመረ። “ስማኝ ልጄ። ስሜን ጽፌበት ቢሆን የመንግሥት የጤና ሰዎች በማግስቱ እርሻዬ ላይ ነበሩ። መንገዱን ይዘጋሉ፤ የሠራተኞቹን ቤት ያቃጥላሉ። ካካዎው ምንጣፍ ላይ እንዳለ ይሻግታል። የዚህ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ፣ የትምህርት ቤቱ ልጆች፣ ጤነኞቹ ሃያ ሁለት ሠራተኞች፣ አንተም ጭምር የምትኖሩት ከዚያ እርሻ ነው። ነጮቹ የሚጠብቁት እኮ እንድንወድቅ ነው። የጥቁር ቤተ ክርስቲያን ዕድሜዋ ይኸው ነው እንዲሉን ትፈልጋለህ?”

“እኔ ስለ ካካዎው ልጠይቅዎት አልመጣሁም።”

“ታዲያ ምንድን ነው የምትፈልገው? ተናገር።”

ሳይላስ ፉርጎው ላይ ሆኖ ብዙ ነገር አዘጋጅቶ ነበር፤ ስለ ባዶዎቹ የፎቅ ክፍሎች፣ ስለ ሐኪም፣ ጳውሎስ ለጌቶች ስለ ጻፈው ምክር፣ ጌቶችም በሰማይ ጌታ እንዳላቸው። አሁን ያ ሁሉ ጠፋው።

“የእኔ ናቸው ይበሉ” አለ። “ሌላ ምንም አልልም። በምእመናኑ ፊት፣ ውጭ የተኙት ሰዎች የእኔ ናቸው ይበሉ። ያን ካሉ የቀረው ሁሉ ይደርሳል።”

የባባ ኢጆ ዓይን እንባ አቀረረ፤ ሳይላስ በገዛ ዓይኑ አይቶታል፤ ከዚያም በኋላ ዕድሜ ልኩን ያ እንባ ውሸት ነበር ብሎ ለማመን ቸግሮታል። ባባ ኢጆ ተነሣና እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈ።

“ከመዝሙሩ በኋላ እናገራለሁ።”

“እንግዲያው እኔ ከልጆቹ ጋር ልሁን፤ ፋሉዪ…”

“አይሆንም። ግባና ፊት ለፊቴ ተቀመጥ። አንተን እያየሁ ካልሆነ ድፍረት አላገኝም። ሴቶቹ ከምስጋናው በኋላ ውሃ ያደርሱላቸዋል።”

ሳይላስ ገባና ከፊተኛው ረድፍ ተቀመጠ።

መዝሙሩ ተዘመረ። ባባ ኢጆ ግን አልተነሣም። የያም አምራቾች ማኅበር በከበሮ እየጨፈረ መሥዋዕቱን አቀረበ፤ ቀጥሎ የገበያ ሴቶች ማኅበር፤ ቀጥሎ የወጣቶች። ሁለተኛ መዝሙር ሆነ። ሳይላስ በመስኮቱ በኩል የማንጎው ዛፍ አናት ይታየዋል፤ ከሥሩ ያለው ግን አይታየውም። ሁለት ጊዜ ሊነሣ አሰበ። ሁለቱንም ጊዜ የባባ ኢጆ ዓይን አገኘውና ተቀመጠ። ሰውየው ድፍረቱን እየሰበሰበ ነው፣ አሁን ብሄድ ይበተንበታል ብሎ አሰበ። ሦስተኛ መዝሙር ተዘመረ።

በመጨረሻ ባባ ኢጆ ተነሣ። ቤቱ ጸጥ አለ። ቀጥ ብሎ ሳይላስን አየው፤ ከዚያ ዓይኑን አንሥቶ ከሱ በላይ፣ የሌጎስ እንግዶች ወደተቀመጡበት ተመለከተ።

“በዚህ የሞት ወር እግዚአብሔር በእርሻዬ ላይ እጁን ዘርግቶልኛል” አለ። “ከሠራተኞቼ አንድም የጎደለብኝ የለም። ስሙ ይባረክ።”

ሕዝቡ ሃሌ ሉያ አለ። ሳይላስ መጀመሪያ የሰማውን አላመነም፤ የሚቀጥል መሰለው፤ ይህ መግቢያው ነው፣ አሁን ያስተካክለዋል ብሎ ጠበቀ። ባባ ኢጆ ግን አግባዳውን ሰብስቦ ተቀመጠ። ሚስቱ ወይዘሮ ኮምፎርት አጠገቡ ሆና ጓንቷን አውልቃ እጆቿን ታይ ነበር።

ሳይላስ ቆመ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

“ዘጠኙ ውጭ ናቸው ባባ። ማንጎው ሥር።”

ከበሮው ሊጀምር ሲል ቆመ። ሰው ሁሉ ወደ ሳይላስ ዞረ። ባባ ኢጆ በአባትነት ዓይን፣ ምንም ቁጣ ሳይታይበት፣ ወደ ሕዝቡ ተመለከተ።

“መምህራችን ሰሞኑን በየመንገዱ የወደቁ ሕሙማን ሲያስታምም ነው የከረመው። ትኩሳቱ እሱንም ሳያገኘው አልቀረም። ጸልዩለት።”

ጸለዩለትም። ቆመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በአንድ ድምፅ፣ ከልባቸው ጸለዩለት። የሳይላስ የክርስትና ልጆች፣ ፊደል ያስቆጠራቸው፣ ጋብቻቸውን የባረከላቸው፣ ወላጆቻቸውን የቀበረላቸው ሰዎች ናቸው። እየጸለዩም ከአጠገቡ ሸሹ። በረድፉ ላይ የነበሩት አፍንጫቸውን በልብሳቸው ይዘው ወደ ጥግ ተገፋፉ፤ መተላለፊያው ከመሠዊያው እስከ በሩ ድረስ ባዶ ሆነለት። ሳይላስ በዚያ መካከል አልፎ ወጣ። ማንም አልነካውም፤ ማንም አልተከተለውም።

ማንጎው ሥር ሲደርስ ስምንቱ ተቀምጠዋል። ባደሮ የራሱን ልብስ አውልቆ የፋሉዪን ፊት ሸፍኗል። እግሮቹ ግን፣ ረጅም ስለነበረ፣ ከልብሱ ውጭ ቀርተዋል።

“ሁለቴ ጠራዎት” አለ ባደሮ። “ሦስተኛው መዝሙር ሲጀመር ‘የዛሬው መዝሙር እንደ ኤኪቲ መንገድ ሆነ’ አለና ሳቀ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።”

ሳይላስ ተንበረከከ። ከቤተ ክርስቲያኑ አራተኛው መዝሙር ሲጀመር ተሰማ።

ምስጋናው ካበቃ በኋላ ሦስት ሴቶች እንስራ ውሃ ይዘው መጡ። ከአጥሩ ሥር አስቀምጠው፣ ከሩቅ ተጣርተው፣ ተመለሱ። ባባ ኢጆ በዚያ ቀን ከተናገረው ውስጥ የፈጸመው ይህንን ብቻ ነው።

ፋሉዪን የቤተ ክርስቲያኑ መቃብር አልተቀበለውም፤ ሽማግሌዎቹ መንገደኛ ነው ተብሏልና በምእመናን መካከል ልናሳርፈው አንችልም አሉ። ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ የማንም ባልሆነ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ ሳይላስና ባደሮ ቆፍረው ቀበሩት። ጉድጓዱን ሁለት ጊዜ ማስረዘም ነበረባቸው። የቀሩትን ስምንቱን ሳይላስ በገዛ ቤቱ አስተኛቸው፤ አንድ ክፍልና አንድ በረንዳ ነበረው። በዚያ ሳምንት ሁለቱ ሞቱ። ስድስቱ ዳኑ። ባባ ኢጆ አልመጣም፤ በእርሻው አለቃ በኩል ግን፣ የሰባኪነቱ ቦታ ለሌላ ሰው መሰጠቱን፣ ለመምህር ሳይላስም መልካሙን ሁሉ እንደሚመኝ ላከበት። ወይዘሮ ኮምፎርት አንድ ቀን ራሷን ተከናንባ መጥታ ስድስት ብርድ ልብስ ከደጃፉ ላይ አስቀመጠች። ሳይላስ ሲወጣ ፈጥና ተመለሰች።

ዝናቡ ቆሞ መንገዱ ሲደርቅ ሳይላስ ስድስቱን ይዞ ወደ ኤኪቲ ተነሣ። ዘጠኝ ቀን ተጓዙ። በሰባተኛው ቀን ከአንድ ወንዝ ዳር ተቀምጠው እግራቸውን ሲያቀዘቅዙ ባደሮ፣ ስድስቱም የመከሩበትን ነገር አነሣ። የፋሉዪ እናት ትጠይቃለች አለ፤ እናት ሁሉ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው። እኛ ሲሞት መምህር እጁን ይዘውት ነበር እንላለን፤ ማንም የሚያስተባብል የለም፤ ለእሷም ይሻላታል። ሳይላስ ቀሪውን ሁለት ቀን አሰበበት።

የፋሉዪ እናት ግቢዋ ውስጥ በትልቅ ሙቀጫ የተቀቀለ የዘንባባ ፍሬ ስትወቅጥ አገኟት። ወሬው ቀድሞ ደርሷት ኖሮ አልጮኸችም። ዘነዘናውን ሙቀጫው ላይ አስደግፋ፣ በዘይት የቀላ እጇን ሽርጧ ላይ ጠራረገች፤ ሳይላስ ሁሉንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲነግራት ቆማ አዳመጠች። ደብዳቤውንም ነገራት። ልጇ ራሱ እንዳነበበው ስትሰማ አንገቷን ቀና አደረገች።

“አነበበው? ራሱ?”

“ራሱ።”

“ሲሞት አጠገቡ እርስዎ ነበሩ?”

ባደሮ ጉሮሮውን ጠረገ። ሳይላስ ወደ እሱ አልዞረም።

“አልነበርኩም” አለ። “ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቀምጬ ነበር። እየጠራኝ አልሰማሁትም። አንድ ሰው ቃሉን እስኪጠብቅ እየጠበቅኩ ነበር።”

“ጠበቀ?”

“አልጠበቀም።”

“ያን ሰውዬ አላውቀውም” አለች። “እዚህ ደጃፍ ላይ ተቀምጠህ ልጄን የለመንከኝ አንተ ነህ።”

ከዚያም ዘነዘናውን አነሣችና መውቀጧን ቀጠለች። ስድስቱ አንድ በአንድ ወደየቤታቸው ሄዱ። ሳይላስ ከግቢው መካከል ቆሞ ቀረ። ሂድም፣ ተቀመጥም አላለችውም።